ያለቁ ባትሪዎች

ዳኘው የባትሪን ሞትና ሕይወት የሚለየው በምላሱ ነበር። ጠፍጣፋዋን የሰዓት ወይም የሪሞት ባትሪ በሁለት ጣቱ ይይዝና ምላሱን ብቅ አድርጎ ጠርዟን ያስነካታል። ቆንጠጥ ካደረገችው ገና ናት፤ ዝም ካለችው አልቃለች። የባትሪ መለኪያ ነበረው። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ቆይቷል፤ ምላሱ ደግሞ ሁልጊዜ አብሮት ነው።

«ዳኘው፣ ዛሬም ቁርስህ ባትሪ ነው?» ትለው ነበር ጀሊላ፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤቱ፣ የተበላሸ ሪሞት ይዛ ስትመጣ።

«ምን ላድርግ? ካንቺ ሱቅ የገዛሁት ዳቦ ጥርስ ይሰብራል።»

«ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ሆድህ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ዜና ሲያነብ እንሰማዋለን!»

ይሳሳቃሉ። ከዳኘው ጉልበት ሥር መሬት ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ልጁ ወንጌላዊትም አብራ ትስቃለች። መራመድ ከጀመረች ጥቂት ወራት ቢሆናት ነው። አባቷ ምላሱን ሲያወጣ ምላሷን ታወጣለች፤ ባትሪዋ ቆንጥጣው ፊቱን ሲያጨማድድ እሷም ፊቷን ታጨማድዳለች። ጀሊላ ይህን እያየች «ተማሪህ ደረሰችልህ» ትላለች።

የሚኖሩት ሽምብጥ በሚባል ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት ነው። ዳኘው ሰዓት፣ ሪሞትና የመኪና ቁልፍ የሚጠግነው እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት፣ ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ነው። ሚስቱ የሺአረግ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። እሷ በሌለች ጊዜ ልጅቷን የሚጠብቁት እሱና አማቱ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ናቸው። አማቱ የሩዙ አጨዳ ሲያልቅ ከሚኖሩበት ከይፋግ የመጡት ለዚሁ ነበር።

ልጅ እየጠበቁ ብሎን መፍታት ቀላል አይደለም። ዳኘው ግን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ያለቁትን ባትሪዎች በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅማል፤ ክዳኑን ጠበቅ ያደርግና ጣሳውን ለወንጌላዊት ይሰጣታል። እሷ ትነቀንቀዋለች፤ ጣሳው ሿ ሿ ይላል፤ እሱ ሥራውን ይሠራል። ከሱቅ ከተገዛላት መጫወቻ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ያንን ጣሳ ነበር።

«ያን ጣሳ ከልጄ ፊት አንሣው አላልሁህም?» ትለዋለች የሺአረግ።

«ክዳኑ ለእኔም በስንት ትግል ነው የሚከፈትልኝ። ደግሞ ያለቁ ናቸው። ያለቀ ነገር ምን ያደርጋል?»

ያን ዓርብ ጠዋት አንድ ሹፌር የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ መጥቶ የቁልፉን ሪሞት ሰጠው። «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፣ ሰው ጭኛለሁ» አለው። ዳኘው ሳንቲም የምታክለውን አሮጌ ባትሪ አውጥቶ ምላሱን አስነካት፤ ዝም። ጣሳው ውስጥ ጣላት፣ ክዳኑን በመዳፉ መታ አደረገና ጣሳውን ለልጅቷ መለሰላት። አዲሷን ባትሪ ገጠመ፤ ሹፌሩም ሄደ። ከዚያ ዳኘው የሰዓት መጠገኛ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ አንዲት የሴት ሰዓት አጎነበሰ። ማጉያውን ሲያደርግ ዓለም ሁሉ ከአንዲት የሰዓት ጥርስ አትበልጥበትም።

ቀጥሎ የሰማው ድምፅ ሳልም ልቅሶም አልነበረም። አየር ያጣ ጉሮሮ የሚያሰማው አጭር ድምፅ ነበር። ማጉያውን ወርውሮ ዘወር ሲል ጣሳው በጎኑ ተጋድሟል፤ ክዳኑ አንድ በኩል፣ ባትሪዎቹ ሌላ በኩል። የወንጌላዊት ዓይን እንባ ሞልቷል። ጣቱን አፏ ውስጥ ከትቶ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ጮኻ አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም አለች። ውኃ ሲሰጣት ጠጣች። ባትሪዎቹን ለቃቅሞ ወደ ጣሳው መለሰ። አንዲት ትጉደል አትጉደል ግን ማወቅ አልቻለም፤ ስንት እንደ ነበሩ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

ውጭ ልብስ ያሰጡ የነበሩት አማቱ ልቅሶውን ሰምተው ገቡ።

«እማማ፣ ባትሪ ውጣ እንዳይሆን ፈራሁ።»

«ያ ያለቀው ነው?»

«ያለቀው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? ከዋጠች ትጥለዋለች። እናቷስ በልጅነቷ የሸሚዝ ቁልፍ ውጣ ጥላው የለም? ዳቦና ሙዝ ካጎረስናት ይገፋዋል።» ራሳቸው ሙዙን ልጠው አጎረሷት። ግማሹን በላች፤ ግማሹን መለሰችው። ዳቦም ጨመሩላት። «ለየሺአረግ ደግሞ አትንገራት» አሉ። «ደክሟት ነው የምትመጣው፣ በከንቱ አትጣሉ። ነገ ሲወጣ እንስቃለን።»

ማታ የሺአረግ ከፋብሪካው ሰርቪስ ወርዳ፣ እጇን እንኳ በቅጡ ሳታደርቅ ልጇን አቀፈች። ጡት ስትሰጣት ልጅቷ ይዛ ለቀቀችው። ለሃጯ ደረቷን አርሶታል።

«ልጄ ምን ሆናብኛለች?»

«ጠዋት ትንሽ ትን ብሏት ነበር» አለ ዳኘው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ።

ቅዳሜ፣ የሺአረግ ፋብሪካ በዋለችበት፣ ሙሉውን ቀን የልጅቷን ሽንት ጨርቅ በስንጥር እየገለበጠ ሲፈትሽ ዋለ። የወጣ ነገር የለም። ወደ ማታ ትኩሳት ጀመራት፤ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቃታት። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ልጅቷን ወደ መስኮቱ ወስደው አፏን ከፈት አድርገው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንጥሏ ወርዷል። መዋጥ የከለከላት እሱ ነው። ሐይቁ ዳር እንጥል የምትቆርጥ ሴት አለች ብለውኛል፤ ነገ በጠዋት እንውሰዳት።»

«እኔ ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት» አለች የሺአረግ።

«ሐኪም የእንጥል ነገር ምን ያውቅና? አንቺን ማን አስቆረጠሽ? እኔ አይደለሁ? ይኸው ዛሬ ለመከራከር ደረስሽ!»

የሺአረግ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

 ከዓርብ ጀምሮ የዳኘው ደረት ላይ የተጫነው ነገር በዚያች ቅጽበት ቀለል ሲለው ተሰማው። እንጥል ከሆነ ጣሳው ምንም አላደረገም። እንጥል ከሆነ ክዳኑን በጥድፊያ የከደነ ሰው የለም። እንጥል በማንም ጥፋት አይወርድም፤ እንዲያው ይወርዳል። እንጥል እንዲሆን ፈለገ፤ ስለ ፈለገም አመነው።

«እንጥል ይመስለኛል» አለ።

እሑድ ማለዳ ደመናው ሐይቁ ላይ ተኝቶ ነበር። ከሐይቁ ዳር ደንገል አጠገብ ያለችው የሴትየዋ ቤት የተጠረገች ናት፤ ሴትየዋም እጇን በሳሙና ታጥባ ነው የተቀበለቻቸው። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አሁን ታርፊያለሽ» እያለች ልጅቷን አስተኛቻት። እግሯን አያቷ፣ እጆቿን እናቷ፣ ራሷን ዳኘው ያዙ። ምላጩ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ሴትየዋ መጀመሪያ ምላስ የምትጫንበትን ማንኪያ አነሣችና ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጋችው።

ወንጌላዊት ብልጭ የሚለውን ነገር አየች። ልቅሶዋን አቋረጠች። ከዚያም ትኩሳት እንዳደከማት የምላሷን ጫፍ ብቅ አድርጋ የማንኪያውን ጠርዝ ነካች፤ ፊቷንም አጨማደደች። ይህን አድርጋ ስታበቃ፣ እንደ ወትሮው እንዲስቅላት፣ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

የዳኘው እጅ ከራሷ ላይ ተንሸራተተ።

«ተይው» አለ ለሴትየዋ።  «ተይው አልሁሽ! እንጥል አይደለም!»

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉ አማቱ።

«ባትሪ ውጣለች እማማ። እኔን አይታ ነው። እኔ በየቀኑ አፌ ውስጥ ስከት አይታ ነው።»

የሺአረግ ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልጠየቀችም። ልጇን ነጥቃ ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። ዳኘው የደረሰባት መንገድ ዳር፣ ባጃጅ በሁለት እጇ ስታስቆም ነው።

ሆስፒታል እንደ ደረሱ ራጅ ተነሣች። ወጣቷ ዶክተር ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቀረበችው። ከሕፃኗ የአንገት አጥንት በታች አንድ ነጭ ክብ ነገር ተሰክቷል፤ በጠርዙ ዙሪያ ሌላ ቀጭን ክብ አለው።

«ሳንቲም ነው የዋጠችው?»

ዳኘው ያን ጠርዝ አወቀው። ስንት ዓመት በጣቶቹ መካከል ያገላበጠው ጠርዝ ነው። «አይደለም። የመኪና ቁልፍ ባትሪ ነው። ግን ያለቀ ነው ዶክተር፣ ኃይል የለውም።»

«ሪሞት ለማሠራት ነው ኃይል ያነሰው» አለች። «ሥጋ ለማቃጠል የቀረው ይበቃዋል። መቼ ነው የዋጠችው?»

«ዓርብ ጠዋት።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም።  ፊቷ ግን ተለወጠ፤ ከወንበሯ ተነሥታ በኮሪደሩ ላይ መሮጥ ጀመረች። ዳኘው ስድብ ቢወርድበት ይመርጥ ነበር።

ሐኪሞቹ ልጅቷን በማደንዘዣ አስተኝተው፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፏ አስገብተው ባትሪዋን አወጡላት። ከበሩ ውጭ በተደረደረው አግዳሚ ላይ የሺአረግ አንድ ጫፍ፣ ዳኘው ሌላ ጫፍ ተቀምጠዋል።

«ዓርብ ማታ ጠይቄህ ነበር» አለችው ወደ እሱ ሳትዞር።

«አዎ።»

«ትን አላት አልኸኝ።»

«አዎ።»

«ቅዳሜም ጠየቅሁህ።»



ባትሪዋን በትንሽ ላስቲክ አድርገው አሳዩት። ጠቁራለች፤ ጠርዟ ተበልቷል። በውስጧ ቀርቶ የነበረው ጥቂት ኃይል ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድ ማለዳን የወንጌላዊትን ጉሮሮ ሲያቃጥል ሰንብቷል። ከኋላ ተከትለው የደረሱት ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ላስቲኩን አዩ፤ ከዚያ የገዛ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «በዚህ እጄ ዳቦ አጎረስኋት» አሉ። «በቁስሏ ላይ ዳቦ አጎረስኋት።» ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷን ለማጉረስ እጃቸውን አልዘረጉም።

ወንጌላዊት አልሞተችም። ደም እንዳይፈሳት እየተፈራ ብዙ ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ስትወጣ ሆዷ ላይ ምግብ የሚገባበት ቱቦ ነበራት። ቁስሉ ሲሽር ጉሮሮዋን አጠበበው፤ በየጊዜው እየተመላለሰች ማስፋት ያስፈልጋታል፤ እስከ መቼ እንደ ሆነ ዶክተሯም አልነገረቻቸውም። ድምፅ የሚያወጣው ጅማትም ተነክቷል። ስታለቅስ አፏ በሰፊው ይከፈታል፤ የሚወጣው ግን ሻካራ ትንፋሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳኘው ሌሊት እንደ ሌላ አባት በልቅሶ አይነቃም። ታለቅስ እንደ ሆነ ለማወቅ ተነሥቶ ፊቷን ማየት አለበት።

ጠረጴዛው አሁን ጀሊላ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው መስታወት ጀርባ ነው። ቦታውን ሳይጠይቃት ነው የሰጠችው። ከመደርደሪያዋም መብራት የሚያበሩትን መጫወቻዎች አንድ በአንድ እያነሣች፣ የባትሪ ክዳናቸው ብሎን የሌለውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከታ ከሽያጭ አወጣች። ያለቁት ባትሪዎች በፕላስተር ተጠቅልለው ከፍ ብሎ በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣሉ። የመለኪያው ሽቦም ተቀጥሏል። አልፎ አልፎ ግን ዳኘው ሥራ ሲይዘው እጁ ባትሪ ይዞ ወደ አፉ ይሄዳል። ጀሊላ ይህን ስታይ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። የቁርሱን ቀልድ ዳግመኛ አልቀለደችውም።

አንድ ጠዋት የሺአረግ ወደ ሥራ ለመሄድ ስትነሣ ዳኘውን መሬት ላይ አገኘችው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አጣብቆ፣ በጉልበቱና በክንዱ እየተንፏቀቀ፣ ልጅቷ ከመንቃቷ በፊት ወለሉን ይፈትሻል። በየማለዳው የሚያደርገው ነው። ከአልጋው ሥር ጀመረ፤ የምንጣፉን ጠርዝ ገለጠ፤ ወደ ግድግዳው ሄደ። ማጉያው ውስጥ አሸዋው ድንጋይ፣ ክሩ ገመድ ያህላል። ፊቱ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወንጌላዊት ወለሉን የምታየው ከዚህ ከፍታ እንደ ነበር የተረዳው ጣሳውን ሲሰጣት ሳይሆን፣ እንዲህ መሬት ላይ መንፏቀቅ ከጀመረ በኋላ ነው።

ከቁም ሣጥኑ ሥር እጁ አልደርስ አለው። የሺአረግ ቆማ ትንሽ አየችው። ቦርሳዋን አስቀምጣ የቁም ሣጥኑን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና ከፍ አደረገችለት። ክንዱን አስገብቶ ዳሰሰ። አንድ ነገር ጣቱን ነካው፤ አወጣው። የሸሚዝ ቁልፍ ነበር፣ ትንሽ፣ ነጭ።

መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። የሺአረግ ቁልፉን ወሰደችው፤ የማን እንደ ሆነ አልጠየቀችም። ቁም ሣጥኑን በቀስታ አወረደችና ቁልፉን በጡጫዋ እንደ ጨበጠች ወደ ሰርቪሱ ወጣች።

ዳኘው ማጉያውን አስተካክሎ ወደ በሩ በኩል ቀጠለ።