የፋንታው አራት ሰከንድ

ጳጉሜን ሦስት ቀን ደብረ ታቦር ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የሩፋኤል ዝናብ ስለሆነ ልጁም አዋቂውም ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። እኔ የስልክ ጥገና ሱቄ ውስጥ የሰው ስልክ ስፈታ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ ለምሳ ቤት ስገባ እናቴ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ምድጃው ጠርዝ ላይ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አየሁ።

"ዝናብ ነካው እንጂ ምንም አልሆነ፤ እያደረቅሁልሽ ነው" አለችኝ።

የጌም መጫወቻዬ ነበር። ኩዌት አምስት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ምህንድስና የምትማረው የአሠሪዬ ልጅ የሰጠችኝ ነው። እንደ ሌሎቹ የታሸገ አይደለም። ንድፉም ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ብሎኑን ፈትቶ ውስጡን ያያል፣ የራሱን ጌም ጽፎ ይጭንበታል። የኮድ አጻጻፍን ሀሁ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የቀረውን በኢንተርኔት ፊቴን ሳያዩ ጥያቄዬን ከሚመልሱልኝ የሩቅ አገር ሰዎች ተማርኩ። ላፕቶፕ የለኝም፤ ትንሽ ኪቦርድ ሰክቼ ኮዱን እዚያው ማሽኑ ላይ ነው የምጽፈው። "ዐረብ አገር ደርሳ መጥታ የልጅ ዕቃ ትሠራለች" ብለው ጎረቤቶቼ ስቀውብኛል። ይሳቁ።

የሠራሁት ጌም እርሻ ነው። ሁለት በሬና አንድ አራሽ አለ፤ ትልሙ ከተጣመመ ተሸነፍሽ ማለት ነው። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት አራሹ በሬውን "ኧረ ቦራ! መለስ በል፣ መለስ!" ብሎ ይጣራል። አራት ሰከንድ ነው። ድምፁ የወንድሜ የፋንታው ነው። አንበሳሜ አጠገብ ካለው መሬታችን ላይ ሲያርስ ሳያየኝ በስልኬ ቀዳሁት። መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አለ የሚልም ሞተ የሚልም ሰው አላገኘንም።

እናቴ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እኔ ዘንድ ገባች። ጌም ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ቀዩን ቁልፍ ግን ታውቃለች። ጠዋት ከጸሎቷ በኋላ ትጫነዋለች፣ ልትተኛ ስትልም ትጫነዋለች። እህል የማትቀምስበት ቀን አለ፤ ያን ቁልፍ ሳትጫን የዋለችበት ቀን የለም።

"ምን አድርገሽው ነው?" አልኳት።

"ደጅ አውጥቼ ዝናቡን አስመታሁት። ሩፋኤል ጦብያን ከሄደበት አገር መርቶ ለወላጆቹ አልመለሰም? የልጄን ድምፅ ቢነካልኝ፣ እኔንም ቢያስበኝ ብዬ ነው።"

"ገደልሽው!" ብዬ ጮህኩ። "ፋንታውን ገደልሽው!"

ያን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ማንም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። እናቴ ጨርቁን አንስታ ታጥፈው ጀመር። እኔም ማሽኑን ይዤ ወጣሁ።

ሱቅ ገብቼ ፈታሁት። ዝናቡ ብቻ ቢሆን አድነው ነበር፤ ውሃ የጠጣ ስልክ ስንቱን አድኛለሁ። የጎዳው እሳቱ ነው። ወደ ፍሙ የዞረው ጎን ሚሞሪ ካርዱ ያለበት ሆኖ ካርዱ ተቆልምሟል። በአልኮል ጠረግሁት፣ በሦስት ማንበቢያ ሞከርኩት፣ በመጨረሻ እንደ እብድ አናገርኩት። እምቢ አለ።

የቀረው ሁሉ መላ አለው። ሽፋኑ ይለወጣል፣ ሲስተሙ በነፃ ይወርዳል፣ የጌሙን ኮድም አብዛኛውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ሺህ ሰው የደከመበት ነገር ተመልሶ ሲገኝ ያ አራት ሰከንድ ግን ሌላ ቦታ የለም። የቀዳሁበትን ስልክ ሐሙሲት ገበያ ላይ ሰርቀውኛል። ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጠው ስል መስመሩ ለወራት ተቋረጠ፤ ሲመለስ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ኮፒ ያዙ" እያልኩ የምለፈልፈው እኔ ነኝ! በደብረ ታቦር ከእኔ የባሰ ደደብ ካለ ይምጣና ልየው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይኸን ነው።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። "የጳጉሜን ጾም ነው" ትለኛለች፤ ጾም ግን ማታ ይፈታል። ሲጨንቀኝ የአጎታችን ልጅ ባዩ ትዝ አለኝ። ድምፁ ከፋንታው ጋር አንድ ነው፤ በልጅነታቸው የገዛ አባቱ እንኳ ይሳሳት ነበር። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሱቅ አስጠርቼ ነገሩን ገለጽኩለት።

"አክስቴን ላታልላቸው ነው የምትይኝ?" አለ።

"አታልላት። ካላታለልናት ትሞትብኛለች።"

እያንገራገረ እሺ አለና ተጣራ። ሰባት ጊዜ አስጮኽሁት፤ ሰባተኛውን ወሰድኩ። አዲስ ሚሞሪ ገዝቼ ሁለቱን በሬዎችና ቀዩን ቁልፍ ብቻ እንደገና ጻፍኩ።

እንቁጣጣሽ ጠዋት ማሽኑን እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

"ሠራሁት። ድምፁ ተርፏል" አልኳት።

ተጫነችው። "ኧረ ቦራ! መለስ በል፣ መለስ!" እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ደገመችው፣ ሠለሰችው። ከዚያ "ተመስገን" ብላ ከድፎው ቆርሳ በላች። ደስታውም ሐፍረቱም አንድ ላይ መጡብኝ፤ እንባዬ እንዳይመጣ ፈራሁ። ነጠላዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ሰብልዬ" አለችኝ ከኋላዬ።

"ወዬ እማዬ።"

"ባዩን መልሰሽ ጥሪው።"

ዞርኩ። አውራ ጣቷ አሁንም ቀዩ ቁልፍ ላይ ነው።

"ፋንታው በሬውን ከመጣራቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ባዩ እሱን አላደረገውም። ጉሮሮህን ጠርገህ ተጣራ በይው ልጄ፤ እኔም መርሳት ጀምሬያለሁ።"