ጎታ ውስጥ የገባ ጊታር

አሻግሬ እስከ ወገቡ ጎታው ውስጥ ገብቶ ማይክራፎኑን ወደ ትንሹ ስፒከር ሲያስጠጋ፣ በር ላይ ለቅሶው ተነሣ።

«ልጄን! ልጄን!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ቀደመ፤ ሴቶች ተቀበሉት። ከቤት ውስጥ የእናቱ የወይዘሮ እናናዬ የሻከረ ድምፅ መለሰላቸው።

ደንቡ ነው። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር እንባው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ወንድሙ ክንዴ ከተቀበረ ያን ዕለት አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር። የደባርቅ ሰው በሦስተኛው ቀን አልቅሶ ጨርሷል፤ የዳባት ዘመድ በሳምንቱ መጥቷል፤ አሁን ተራው መርዶ ዘግይቶ የደረሰው የአምባራስና የበየዳ ሰው ነው።

አሻግሬ ከጎታው ወጥቶ ቀረጻውን አቆመ፤ በጆሮ ማዳመጫው መልሶ ሰማው። የወንድሙ ጊታር አለ፤ ከሥሩ ግን ዋይታው እንደ ክረምት ወንዝ ይወርዳል። ደመሰሰው። አምስተኛው ቅጂ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ዐይኑን ጨፈነ፤ ቶሎ ገለጠው። ትንሽ ቢቆይ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

የአሻግሬ ስቱዲዮ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወንድሙ የሞተበት ሰው አሥራ ሁለተኛው ቀን ሳይወጣ ሱቅ ከከፈተ ግን ደባርቅ ስሙን እስከ ልጅ ልጁ ያነሣዋል። ስለዚህ ጠዋት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ አምጥቶ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ወደ እናቱ ጓዳ አስገባው። ይህን ያደረገው ዘፋኙ የሺዋስ ከጎንደር ስለደወለለት ነው።

«አሹ፣ እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ነበር የሺዋስ። «በለቅሶ ቤት ይሄን ማውራት ያሳፍራል። ግን ሥራው ሰኞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። የክንዴ ጊታር ደግሞ… እንዴት ልበልህ፣ ትንኝ ነው የሚመስለው።»

«በስፒከር ስላላለፈ ነው። ሲያልፍ ይወፍራል።»

«እዚህ ያለው ልጅ በአንድ ሰዓት እንደገና ይጫወተዋል። ዘጠኝ ሰዓት በሚነሣው ሚኒባስ ወፍራሙን በፍላሽ ከላክህልኝ የክንዴን አስገባለሁ። ካልሆነ የልጁን። አትቀየመኝ።»

አሻግሬ አልተቀየመም። የሺዋስ ልክ ነው። ክንዴ ያን ጊታር የተጫወተው ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ፣ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ሽቦውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰክቶ ነው። እንደዚያ የተቀዳ ጊታር አጥንት ብቻ ነው። «ሥጋውን በኋላ እናለብሰዋለን» ብሎ ነበር ክንዴ እየሳቀ። በኋላ የሚባለው ጊዜ አልመጣለትም። ከእጁ የቀረው ይህ አንድ ዘፈን ነው። ሌላው ሁሉ በሠርግ ቤት ተጫውቶት ከአየር ጋር የሄደ ነው።

ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የተቀዳውን ጊታር ከኮምፒውተሩ አውጥቶ በስፒከር ማጫወት፣ ስፒከሩ ያወጣውን በማይክራፎን መልሶ መቅዳት። ትልቁ ስፒከር ያለፈው ጥምቀት መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሏል፤ ቢኖርስ ለቅሶ ቤት ማን ያስጮኸዋል? የተረፈው ክንዴ ከአሮጌ ቴፕ ፈትቶ በጣውላ ሳጥን የገጠመው፣ መዳፍ የሚያህል ስፒከር ነው። ለዚህ ነው አሻግሬ ጎታውን ያሰበው። ጥቅምት ነው፤ አዲሱ እህል ገና አልገባም፤ ጎታው ባዶ ነው። ልጆች ሳሉ ክንዴ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ሲያንጎራጉር የመሪጌታ ድምፅ ያወጣ ነበር።

ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ጀመረ። ትንሹ ስፒከር ተንጫጫ፤ ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ይሰነጠቃል። መጋረጃው ተገለጠ። እናቱ ናት፤ ጥቁር ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ምንድን ነው የምሰማ?»

«እማዬ…»

«ጊታር ነካህ? አርባው ሳይወጣ?»

«አልነካሁም። ያውልሽ፣ ግድግዳው ላይ ነው። የሚጫወተው ራሱ ነው፤ ክንዴ።»

«ሙት አይጫወትም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ደክሟት ነበር። «የበየዳ ሰው ሁለት ቀን በእግሩ መጥቶ ዘፈን ይሰማ? ምን ይበሉን? ዝም አሰኘው።»

ወጣች። አሻግሬ ዝም አላሰኘውም፤ ግን እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አደረገው። ጎታው ውስጥ ገብተው ካላደመጡት በቀር ስፒከሩ የሚያወራ ሰው ያህል እንኳ አይሰማም። ይህች ሹክሹክታ እንዳትጠፋበት ማይክራፎኑን ከስፒከሩ አንድ ጣት ድረስ አስጠጋው፤ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጠርዙ ገፋ አደረገው። የማይክራፎኑን የመስማት ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

ቀና አለ።

ጊታሩ ወፍሯል። ስንጥቁ የለም። ወፍራሙ ክር ደረቱን መታው፤ ጎታው ከኋላው ሆኖ ድምፁን እንደ አዳራሽ ያስተጋባዋል። ክንዴ ስለዚህ ሳጥን ይለው የነበረው ትዝ አለው፦ «ይሄ እንደ ድሃ ሰው ነው፤ ስታስጮኸው ይሰነጠቃል፣ በቀስታ ስታስወራው ግን ትልቅ ነገር ይናገራል።» ያኔ አሻግሬ ስቆበት ነበር። ጠዋቱን ሙሉም ሲያስጮኸው ነው የዋለ።

ጎረቤታቸው ማንጠግቦሽ ሳህን ልትወስድ ጓዳ ገባች።

«አንተስ፣ ወንዶቹ ዘንድ ወጥተህ ብትቀመጥ ምን አለበት? እንደ አይጥ ጎታ ለጎታ!»

«መጣሁ፣ እት ማንጠግቦሽ።»

«መጣሁ ይላል! ደግሞ ባዶ ጎታ። አይጥስ ብትሆን ያለበትን ታውቃለች።» ሳህኗን ይዛ ወጣች። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሻግሬ ፈገግ አለ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀዳ። ሦስት ደቂቃ ላይ ሲደርስ በር ላይ ሌላ ለቅሶ ፈነዳ። አሁን ባሰ፤ ሹክሹክታ ለመስማት የተከፈተ ማይክራፎን ዋይታውን ጎታው ውስጥ ያለ አስመሰለው። ደመሰሰው። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ተኩል አልፏል።

እናቱ ተመልሳ መጣች። ለመቆጣት ነበር፤ ግን ልጇን ሁለት እጁን ጎታው አፍ ላይ ጥሎ፣ ግንባሩን እጁ ላይ አሳርፎ ስታየው ቆመች።

«ምን ሆንህ?»

«የሺዋስ ጎንደር ያለውን ልጅ ሊያስጫውት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ካልላክሁ።»

«የክንዴስ?»

«ያወጡታል።»

«ጣቱን ነው የሚያወጡት?»

አሻግሬ ማዳመጫውን አንሥቶ በሻሿ ላይ አደረገላት፤ በጎታው በኩል ከመጀመሪያው አጫወተላት። ክንዴ ሊጀምር ሲል የጊታሩን ሆድ በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ ያደርግ ነበር። ማታ አምሽቶ ሲመጣ ይህን በር የሚያንኳኳውም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያኔ በሕይወት የነበረው አባታቸው እንዳይነቃ። እናናዬ ኳኳታውን ስትሰማ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

ማዳመጫውን አውልቃ መለሰችለት።

«እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ አጨዋወቱ?»

«ነበር። በትልቅ ነገር አልሰማነውም እንጂ።»

«እኔማ ሲነካካው እቆጣ ነበር።» ሻሿን አስተካከለች። «ታዲያ ምን ቸገረህ? አሁን ሰማሁት አይደል?»

«ከሥሩ ለቅሶው ይገባበታል፣ እማዬ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«አራት ደቂቃ። ትንሽ ፈቀቅ ይላል።»

እናናዬ ጣራውን አየች። «እኔ ሰውን እንዴት ብዬ አታልቅስ እላለሁ?» አለች። ተነሥታ ቀሚሷን አራግፋ ወጣች።

አሻግሬ ተስፋ አላደረገም። በስፒከሩ ሥር ያለውን ጋቢ አስተካከለ፤ በጎታው አፍ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ አለበሰበት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቀረጻውን ከፈተ።

ኳ፣ ኳ።

የወንድሙ ጣቶች ጀመሩ። አንድ ደቂቃ አለፈ። አሻግሬ ትንፋሹን ይዞ ለቅሶውን ጠበቀ። ሁለት ደቂቃ። ውጭ ዶሮ እንኳ የለም። ክንዴ ሁልጊዜ የሚቸኩልባት ቦታ ደረሰ፤ ቸኮለ። ሦስት ደቂቃ። መጨረሻው ሊደርስ ሲል ወፍራሙ ክር ተመታና ከጎታው ሥር አንድ የገብስ ፍሬ ተንቀጠቀጠች፤ «ዝር» አለች፣ እንደ ዝንብ። ከዚያ የመጨረሻው ምት ወጣ፤ ጎታው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ጠፋ።

መልሶ ሰማው። ንጹሕ ነው፤ ትልቅ ነው። ያቺ ፍሬ ግን አለች። ሌላ ሰው ላይሰማት ይችላል። አሻግሬ ግን ሰምቷታል፤ ከዛሬ ጀምሮም ዘፈኑን በሰማ ቁጥር ይሰማታል። ሰዓቱን አየ። ፍሬዋን ለቅሞ አንድ ጊዜ ለመድገም ጊዜ አለው። ጸጥታው ትንሽ ይቆይ እንደሆነ ለማየት በጓሮ ዞሮ ወደ ደጅ ወጣ።

እናቱ የአጥሩ በር ላይ ቆማለች። ሁለት እጇን እንደ መስቀል ዘርግታ በሩን ይዛለች። ከውጭ፣ መንገዱ ላይ፣ አሥራ አራት የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የአባቱ ወንድም አያ ሰጠኝ ናቸው፣ ከበየዳ። እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል። ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ለለቅሶ እንደመጣ ሰው። ግን አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንባው በጣቶቻቸው መሐል ይወርዳል። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ነክሰዋል። ከመካከላቸው አንዲቱ ምንም ድምፅ ሳታወጣ ደረቷን ልትመታ እጇን አንሥታ፣ አየር ላይ እንደያዘችው ቀርታለች።

ማንጠግቦሽ አጥሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። አሻግሬን ስታየው ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አንድ ቃል ነው ያለቻቸው» አለችው በሹክሹክታ። «‹ትንሽ ታገሱኝ፤ ልጄ እየተጫወተ ነው› አለቻቸው። እኔ አበደች ብዬ ነበር።»

አያ ሰጠኝ አሻግሬን አዩት። እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ፣ በዐይናቸው ብቻ ጠየቁት። እናናዬም ዞረች። ክንዶቿ ከመዘርጋት ብዛት ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አለቀ?» አለችው። «ካላለቀ ንገረኝ። ይቆማሉ።»

እንደሚቆሙ አወቀ። ሌላ አራት ደቂቃ ቢላቸው ይቆሙለታል።

አሻግሬ የገብሷን ፍሬ አሰበ።

«አለቀ፣ እማዬ» አላት።

እናናዬ እጆቿን አወረደች።