ሙኽታር የመረጠው አገር

እትዬ ሸምሲያ ስልካቸውን ለጥገና ሲያመጡልኝ ፊቴ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ እንጂ ትተውልኝ አይሄዱም። ቦንጋ ገበያ ማር የሚሸጡ፣ በዋጋ ክርክር ወንዱን ሁሉ አፉን የሚያስይዙ ሴት ናቸው። ያችን ስልክ ሲሰጡኝ ግን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። የበኩር ልጃቸው የሙኽታር ድምፅ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ሙኽታር በሱዳን በኩል ወጥቶ ከርሞ፣ «ፊንላንድ ገባሁ» ብሎ በኢሞ የድምፅ መልእክት መላክ ጀመረ። «አገሩ ደግ ነው፣ እስላም ነህ ብሎ ፊቱን የሚያዞርብህ የለም» ይላል። ከንግግሩ ኋላ ሁልጊዜ አዛን ይሰማል። እትዬ ሸምሲያ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ አሰምተዋል፣ እኔን ክርስቲያኗን ሳይቀር። «አዛን በድምፅ ማጉያ የሚለቅ አገር ሰው አይገፋም» ይሉናል። ከዚያ መልእክቱ ቆመ፣ ዓመታትም አለፉ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው ሶላት ይሰገድለት ቢሏቸው፣ «በቁሙ ላለ ልጅ?» ብለው ከቤት አስወጧቸው።

ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ነው። ሲመሽ፣ የሰፈሩ መስጊድ አዛን ባይ ጋሽ ሰይድ የመግሪብን አዛን ሲጨርሱ፣ እሳቸው ስልኩን ይከፍታሉ። የጠፋ ሰው በግድግዳ በኩል «እማ፣ ደህና ነኝ» ሲል መስማት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። ራዲዮ ከፍቼ እንኳ ይሰማኛል።

ዘንድሮ ታናሽየው ሰላሐዲን ውጭ አገር በነርስነት የመቀጠር ዕድል አገኘ። ጀርመን፣ ፖርቱጋል ወይም ፊንላንድ፤ ምርጫው የራሱ ነው። ሱቄ ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። መስጊዱ ቅርብ ነው ወይ፣ በረመዳን ፈረቃ ይቀይሩልኛል ወይ፣ አከራዮቹ ስሜን ሲሰሙ ቤቱ ተይዟል ይሉኛል ወይ። «ሚስት የምትመርጥ ነው የምትመስለው» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ልቡ ጀርመን ነበር። እዚያ ያለ የክፍል ጓደኛው አርብ አርብ ለጁምዓ እንደሚያስወጡት ነግሮታል። እናቱ ግን ቃላቸው አንድ ነው፦ «ፊንላንድ። ሂድና ወንድምህን ፈልግልኝ።»

በቴሌግራም አጠያይቆ ፊንላንድ የምትኖር የጅማ ልጅ አገኘ። «አገሩስ ጥሩ ነው» አለችው። «አዛን ግን ከስልካችን ነው የምንሰማው፤ እኔ ውጭ ሲለቀቅ ሰምቼ አላውቅም።»

በማግስቱ የእናቱን ስልክ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብሎ ወደ እኔ ይዞ መጣ። ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈልን። አዛኑ ሲያበቃ፣ ሙኽታር «ደህና ሁኚ» ሊል ሲል፣ አንድ ሰው ከሩቅ በአረብኛ ይጮኻል፣ የብረት በር ይዘጋል። ሌላውን መልእክት ከፈትን። ያው ሰው፣ ያው በር። ሰላሐዲን መድረሳ የተማረውን ያህል አረብኛ ይሰማል።

«‹ተቀመጡ፣ ተቀመጡ› ነው የሚለው» አለኝ። «ሊቢያ ነው፣ ደላሎች ስደተኛ የሚያጉሩበት መጋዘን። ባሕሩን አልተሻገረም።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩ። «ለእናትህ ንገራት» አልኩት።

«ምን ብዬ? ጀርመን ልሂድ ብላት ወንድምህን ጥለህ ትለኛለች። እውነቱን ልንገራት ብል ደግሞ በገዛ አፌ ልቀብረው ነው።»

ማዳመጫውን ጠቅልዬ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። 

ፊንላንድን መረጠ። እንደ እውነቱ የመረጠለት ሙኽታር ነው። ሊሄድ ሲል መስጊዱ በር ላይ ቆሞ የጋሽ ሰይድን አዛን በስልኩ ሲቀርጽ አየሁት። ለምን እንደሆነ ስለገባኝ አልጠየቅኩትም።

የሰላሐዲን የመጀመሪያ መልእክት የገባው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እትዬ ሸምሲያ እየሮጡ መጡ። «ክፈቺልኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

«እማ፣ ደርሻለሁ። ብርዱ ከባድ ነው፣ ሰዉ ግን ደህና ተቀብሎኛል። ሙኽታርን እያጠያየቅኩ ነው። ስሚ፣ አዛን እየተባለ ነው።»

አዛኑ መጣ። ፊታቸው በራ። «ሐያ ዐለ ሰላህ» ከማለቱ በፊት ግን አዛን ባዩ ደረቅ ሳል ሳለ። መልእክቱ እንዳለቀ ጋሽ ሰይድ ከውጭ የመግሪብን ጀመሩ። እዚያችው ቦታ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ያንኑ ደረቅ ሳል ሳሉ።

እትዬ ሸምሲያ ስልኩን ትክ ብለው አዩት። «አዛን ያለው አገር ቢሆን» አሉ ቀስ ብለው፣ «የኛን ለምን ይዞ ይሄዳል?»

«እትዬ፣ ምናልባት እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ። የሙኽታርን መልእክት ራሳቸው ፈልገው ከፈቱና ጩኸቱ አልፎ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሰሙት።

«ይሄን በር ሁልጊዜ እሰማዋለሁ» አሉ። «የቤቱ በር ነው እል ነበር።»

ዕንባ ሲወጣቸው አላየሁም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ሶላቱ ሲያልቅ ጋሽ ሰይድን ጥሪልኝ፣ ለልጄ ይስገዱለት። ለሰላሐዲን ግን እንዳትነግሪው። አዛኑን ይላክልኝ። እኔ የማዳምጠው ከአዛኑ ኋላ በር እንዳይዘጋበት ብቻ ነው።»