ቀይ ክር የተፈታበት ዱላ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለች። አናጢ ነው። ዝንብ እሽ የማይል፣ ጎረቤት ሲሰድበው «እሺ ጌታዬ» ብሎ የሚያልፍ። ልጆቻቸው ሲያጠፉ እንኳ ተቆጪዋ እሷ ነበረች። ዱላ ከእጁ በማይጠፋ አባት ቤት ስላደገች፣ ይኼ ሰው ዕረፍቷ ነበር።

ሁለቱም የሚሠሩት የቴሌቪዥን ድራማ በሚቀረጽበት አዳራሽ ነው፤ ዘንዶና ጠንቋይ በማይጠፋበት ድራማ። እሷ ካባ ትሰፋለች፣ እሱ ጎራዴና ዱላ ይጠርባል። የዚያን ቀን የሚቀረጸው፣ ሰው ላይ እጃችንን አናነሳም ብለው ስለማሉ የተራራ ሰዎች ነበር። ወራሪ ሲበዛባቸው አስተማሪ ቀጥረው መማታት ይማራሉ። ሽማግሌያቸውን የሚጫወተው ተዋናይ ታሞ ቀረ፤ ካባው ልክ የሆነው ለአናጢው ብቻ ስለነበር ጎትተው አስገቡት።

«እኔ? ኧረ በሕግ አምላክ!»

ወራሪው አንዲት ልጅ ሲጎትት ሽማግሌው ዱላ አንስቶ ትከሻውን ይመታዋል፤ ይኸው ነው። አናጢው ለዚህ ሁለት ዱላ ሠርቷል። አንዱ እውነተኛ እንጨት ነው፣ ካሜራው በቅርብ ሲቀርጸው ለሚታይ። ሌላው እንጨት እንዲመስል የተቀባ ስፖንጅ ነው፣ ለመምቻ። እንዳይምታቱ የስፖንጁ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስሮበታል።

አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራቱንም ጊዜ ዱላው አየር ላይ ቀረ። በአምስተኛው ነካ አደረገውና፣ «ይቅርታ ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«አባባ፣ ትራስ እያራገፉ እኮ አይደለም! ይምቱት!» አለ አዘጋጁ።

«ምን አደረገኝና ልምታው?»

«አይፍሩ አባባ፣ ከእናቴ ጥፊ አይብስም» አለ ወራሪ ሆኖ የሚጫወተው ወጣት።

በዕረፍቱ ሰዓት የካባው ጠርዝ ተተረተረ። ልብስ ሰፊዋ ቀይ ክር አልቆባት ዞር ዞር ስትል፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የስፖንጅ ዱላ እጀታ ላይ የታሰረውን አየች። አሁን እመልሰዋለሁ ብላ ፈታችው፣ ካባውን ጠቀመችበት፣ ከዚያ ሲጠሯት እርስት አደረገችው።

ቀረጻው ሲጀመር አዘጋጁ ወጣቱን ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው። ወጣቱም ልጅቷን ትቶ፣ ከካሜራው ጀርባ የቆመችውን ልብስ ሰፊ ክንዷን ይዞ ጎተታት።

«ኧረ ተው!» ብላ ጮኸች፤ የምሯን ነበር።

አናጢው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት ሁለት ዱላዎች አንዱን አነሳ። ቋ! እንደ ደረቅ ጭራሮ። ወጣቱ ትከሻውን ይዞ ተንበረከከ። አናጢው ግን ዱላውን እንደገና አንስቶ ነበር፤ የመብራት ሠራተኛው ወገቡን ጨምድዶ አስቀረው። ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አየችው። አታውቀውም።

ወጣቱን ተሸክመው ወደ ሐኪም ሲወስዱት፣ እሷ ትለፈልፋለች፦ «ጥፋቱ የኔ ነው! ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ! ስፖንጅ መስሎት ነው፣ እሱ እኮ ዝንብ አይነካም!» ሁሉም እፎይ አለ። ስሕተት ነው፣ ስሕተት ነው ተባባሉ።

አናጢውን እንጨት በሚጠርብበት ክፍል ውስጥ አገኘችው። ካባውን እንደለበሰ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጧል።

«አይዞህ፤ ነግሬያቸዋለሁ። ክሩ ቢኖር ኖሮ...»

«ክሩን መች አየሁና።»

«እና?»

«ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስፖንጁ እንደ ላባ ቀላል ነው። ገና ሳነሳው እጄ ለየው።»

«አውቀህ ነው?» አለች።

«አውቄ ነው።»

ዕንባዋን ሊጠርግላት እጁን ዘረጋ። እሷም፣ ልጅ ሳለች ለአባቷ እንደምታደርገው፣ ፊቷን በክንዷ ከለለች። ሳታስበው ነው። ሁለቱም አዩት።

አናጢው እጁን ሰብስቦ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ተነሣ። «እኔው ልንገራቸው» ብሎ ወጣ፤ በቀይ ክር የተሰፋው የካባው ጠርዝ መሬት እየጠረገ ተከተለው። እሷ ክንዷን ገና አላወረደችም ነበር።