ደጀን ኬላ የታሰረው እግር

ፈንታዬን ደጀን ላይ የማያውቃት አልነበረም። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎና ቅቅል እንቁላል ይዛ ከሁሉ ቀድማ መስኮት ሥር የምትደርስ፣ ተሳፋሪውን እያሳቀች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ኋላ እባብ ነደፋትና ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ምርኩዝና ትሪ ባንድ ጊዜ አይያዝ ነገር፣ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ መቅረት ሆነ።

አዲስ አበባ ያከማት ሐኪም ለክቶ ከውጭ አገር የእንጨት እግር አስመጣላት። እግሩ በጭነት መኪና ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ደረሰ፤ ከኬላው ግን የሚያልፍ አልሆነም። ቀረጥ ተጠየቀበት።

«የራሴ እግር እኮ ነው፣ አቶ ታረቀኝ!» አለች የኬላውን ሹም። «ሰው በገዛ እግሩ ቀረጥ ይከፍላል?»

አቶ ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ ሕጉ ከውጭ የመጣ የእንጨት ሥራ ይላል። ወንበር ይሁን እግር አይለይም። እኔ ምን ላድርግ?» አሉና እግሩን ከስኳር ጆንያዎቹ አጠገብ አቆሙት።

ፈንታዬ የተጠየቀችውን ከየት ታምጣ? ቢሆንም ገበያ በዋለ ቁጥር በኬላው መስኮት ብቅ ትላለች። «እንደምን ሰነበትክ? አይዞህ፣ ትፈታለህ» ትለዋለች እግሩን። ዘበኞቹ ይስቃሉ።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ባሏ ደምለው እየሮጠ መጣ።

«ተነሽ! ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጥቷል። የሐኪም ዕቃ ሁሉ ቀረጡ ተነሥቷል አሉ!»

የኬላው ደጃፍ በሰው ሞልቶ ነበር። አቶ ታረቀኝ ትእዛዙን ጮክ ብለው አነበቡ፤ እግሩንም ራሳቸው አቅፈው አወጡት። ወዲያው ግን ፊታቸው ቅጭም አለ። እግሩ ከውጭ ሲመጣ ጀምሮ አዲስ የቆዳ ጫማ እንደተጫማ ነው።

«እግሩስ ነፃ ነው» አሉ እያፈሩ። «ጫማው ግን የሐኪም ዕቃ አይደለም። የጫማ ቀረጥ ደግሞ አልተነሣም።»

ፈንታዬ አፍታም አላሰበች። «አውልቀው ያስቀሩታ! ቀኝ እግሬ ጫማ አያውቅ፣ ግራው ብቻውን ምን ያኮራዋል?»

ሰዉ አውካካ። ሹሙንም ሳቅ አሸነፋቸው። «ኧረ ተይው! ጫማ የሚቀረጠው በጥንዱ ነው፤ አንዱን ማን ጫማ ይለዋል? ሂጂበት!»

ደምለው ተንበርክኮ ጠፍሩን አሰረላት። ምርኩዟን ለጎረቤቷ ለሸጊቱ አቀበለችና ተነሣች። አንድ ጊዜ ተራመደችና ተንገዳገደች። ደምለው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ!» አለችው። ቀጣዩ እርምጃ ጸና። ሸጊቱ እልልታውን ስታቀልጠው፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣው አውቶቡስ ሾፌር ሠርግ መስሎት ጡሩምባውን ነፋ።

ቤቷ ስትደርስ ጠፍሩ ገላዋን ልጦት ነበር። እግሩን ፈትታ ግድግዳው ላይ ብታስደግፈው፣ ውሻቸው ባለቤት የሌለው እግር ቆሞ አየና ይጮኽበት ጀመር። ፈንታዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ዝም በል አንተ! ልመደው፣ የቤት ሰው ነው።»