ዘንበል ያለው ወንበር

ባለቤቴ ቼስተር የልጃችንን ስም ከረሳ ሰነባብቷል። ዳያንን አንዳንዴ «እህቴ» ይላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ ያደርጋታል። የቤት ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታል፣ ምሳውን በልቶ አፉን ሳይጠርግ «ምሳ መቼ ነው?» ይላል። እኔን ግን አይረሳም። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ «በርኒ» ይለኛል። ሙሉ ስሜን በርናዴት ብሎ የሚጠራኝ ሲናደድ ብቻ ነው፤ መናደዱንም ቢሆን አልረሳውም።

ስለዚህ ዳያን ባለፈው እሑድ መጥታ በአረጋውያን ማረፊያው ለአባቷ የሚሆን አልጋ እንደተለቀቀና እስከ ሰኞ ሳምንት መልስ እንደሚፈልጉ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«አባትሽ የሚኖረው እቤቱ ነው» አልኳት።

«እማዬ፣ በቀደም በሸሚዝ ብቻ በረዶ ላይ ወጥቶ ጎረቤት አይደል እንዴ የመለሰው? አንቺስ ብትሆኚ? እስቲ ራስሽን በመስታወት እዪው፤ እያለቅሽ እኮ ነው።»

«ያውቀኛል። የሚያውቀኝን ሰው ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። ያላወቀኝ ቀን በገዛ እጄ ወስጄ አስገባዋለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው» አልኩ። ያ ቀን እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ቼስተር ዳቦ የማከፋፈል ሥራውን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን አውቶቡስ ጋር የቁማር ከተማዋ አትላንቲክ ሲቲ እየሄደ ቪዲዮ ፖከር የሚባለውን የማሽን ካርታ ይጫወት ነበር። እኔ ሄጄ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና በእነዚያ ቅዳሜዎች ቤቱ ጭር ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የዚህ ወር ቅዳሜ ሲደርስ ግን የጉዞው አስተባባሪ ሎሬታ «ብቻውን አልወስደውም፤ ከጠፋብኝ ምን ልልሽ ነው?» ስትለኝ፣ እሱ ደግሞ ኮፍያውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሳየው፣ ካፖርቴን ለበስኩ።

አውቶቡሱ ላይ ስንወጣ ሎሬታ ማይክራፎኗን አንስታ «ወገኖቼ፣ ዛሬ ተአምር አይተናል! በርኒ ልትቆምር ነው! ለአባ ማን ይንገራቸው?» አለች። መንገደኛው ሁሉ አጨበጨበ።

«አንቺ እያለሽ ሌላ ነጋሪ ምን ያስፈልጋቸዋል!» አልኳት። የባሰ ሳቁ።

ቼስተር መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የጠቀለልኩለትን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እየገመጠ በደስታ ይቁነጠነጥ ነበር። «እዚያ ስንደርስ አጠገቤ ነው የምትቀመጪው» አለኝ። «የሎሬታን ምክር እንዳትሰሚ። ሎሬታ መጫወት አትችልም፣ ማውራት ነው የምትችለው።»

ካዚኖው ውስጥ ስንገባ ጩኸቱና መብራቱ ጭንቅላቴን አዞረው። እቤት መኝታ ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠፋበት ሰውዬ ግን ማንንም ሳይጠይቅ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ፣ ያን ሁሉ ማሽን ሰንጥቆ ጥግ ላይ ወዳሉት የፖከር ማሽኖች ወሰደኝ። ከኋላው እየተከተልኩት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«እዪ እንግዲህ፣ አምስት ካርታ ይሰጥሻል» አለ። «የምትፈልጊው ካርታ ሥር ያለውን ቁልፍ ትጫኚና ትይዢዋለሽ። የቀረውን ይወስድና ሌላ ይሰጥሻል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ሁለት አምስት ቁጥርና አንድ አስ መጣልኝ። አምስቶቹን ያዝኩ፣ አሷንም ጨመርኳት።

«አሷን ምን ልታደርጊያት ነው የምትይዣት?»

«ትልቅ አይደለች እንዴ? ደግሞ ታምራለች።»

«አንቺ ሴትዮ! ጥንዱን ብቻ ያዢ፣ ሌላውን ጣዪው! አሷን ታቅፈሽ ከተቀመጥሽ ሦስተኛዋ አምስት በየት በኩል ትምጣልሽ?» እጁን አሻግሮ አሷን አስለቀቀኝ። ሦስተኛዋ አምስት መጣች። ቼስተር ጭኑን በጥፊ መታ። «አየሽ? እኔን ብቻ ስሚ!»

ከጎናችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርገው አስደገፉና ተነስተው ሄዱ። ማሽናቸው ስትከፍል አይቼ ስለነበር ልቀመጥባት ስል ቼስተር እጅጌዬን ያዘኝ።

«ተዪ! ወንበሩ ዘንበል ካለ ሰው አለው ማለት ነው። ሽንት ቤት ሄደው ነው፣ ይመለሳሉ። እዚህ በሰው ወንበር የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ሰላም የሚለው አያገኝም።»

«እሺ ጌታዬ፣ ይቅርታ!» አልኩት።

ያን ጊዜ አላስችለኝ ብሎ ለዳያን ደወልኩ። «አለቀለት ያልሽው አባትሽ ተቀምጦ ፖከር እያስተማረኝ ነው። ሲቆጣኝ ብትሰሚ!»

ቀዝቀዝ ብላ «ደስ ይላል እማዬ» አለች። አላመነችኝም። ሰኞ ታየኛለች ብዬ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ ቼስተር ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ። በሩ ከተቀመጥኩበት ይታያል። እስኪገባ በዓይኔ ሸኘሁትና ወንበሩን እንዳስተማረኝ ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርጌ አስደገፍኩለት። ሲመለስ አይቶ «ጎበዝ ተማሪ!» ይለኛል ብዬ ነው።

ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ። እጄን አውለበለብኩለት። ቀስ እያለ መጣና ወንበሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ፈገግ አለልኝ። ዳቦ ሲያከፋፍል ለደንበኞቹ የሚያሳያት ፈገግታ ናት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ይህ ወንበር ሰው አለው?»

ሳቄ መጣ። ቼስተር ሲቀልድ እንዲህ ነው፤ የምሩን ይመስላል። «አለው» አልኩት። «የባለቤቴ ነው።»

«ይመለሳሉ?»

«ሽንት ቤት ሄዶ ነው፣ አሁን ይመጣል።»

«እንግዲያውስ አልነካውም። ዕድለኛ ሰው ናቸው፣ ቦታቸውን የሚጠብቅላቸው አላቸው።» ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ዞሮ እስኪስቅ ጠበቅኩ። አልዞረም። በማሽኖቹ መሀል የወንበሮቹን መደገፊያ እየነካካ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ክው አልኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ደረስኩበትና ክንዱን ያዝኩት።

«ቼስተር!»

«እንተዋወቃለን?»

«በርኒ ነኝ። በርኒ!»

ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ። ለማወቅ ሞከረ፤ ከልቡ ሞከረ። ያ ነው የጎዳኝ። «በርኒማ የሚስቴ ስም ነው» አለ። «እሷ እቤት ናት። ቁማር አትወድም።»

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ባለቅስ ደስ ባለኝ። ግን የሚያመው ጉልበቱ ብዙ አያቆመውም። እጁን ይዤ ወደ ማሽናችን መለስኩትና «ተቀመጥ፣ ቦታው ያንተ ነው» አልኩት። እጁን ነጠቀኝ። ፈራኝ። በዕድሜያችን ሙሉ ቼስተር ፈርቶኝ አያውቅም።

«ኧረ እመቤት፣ የሰው ቦታ ላይ አልቀመጥም! ሰውዬው ሲመጡ ምን ይሉኛል?»

ቆሞ ወንበሩን ያያል። እኔም አየሁት። ያንን ወንበር ዘንበል እንዳለ ከተውኩት አጠገቤ አይቀመጥም፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ሌላ የማደርገው አጣሁ። ወንበሩን ከማሽኑ አላቅቄ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።

«አይመጣም» አልኩት። «ባለቤቴ አይመጣም። ይቀመጡ።»

ኮፍያውን አወለቀ። «አዝናለሁ እመቤት» አለና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሸ የእኔን ማሽን ትንሽ ተመለከተ። «መጫወቱን ያውቁታል?»

«አላውቅም።»

«ቀላል ነው። አምስት ካርታ ይሰጥዎታል…» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ትዕግሥቱ ከቅድሙ ይበልጣል፤ እኔን ሲያስተምረኝ ይቆጣ ነበር፣ እንግዳዋን አይቆጣም። ሁለት ሰባት ቁጥር ሲመጣልኝ «ጥንዱን ይያዙ፣ ሌላውን ይጣሉት» አለኝ። ልቤ ተሰብሮ እያለ ጣቴ ታዘዘው።

ስልኬ ጮኸ። ዳያን ናት።

«እማዬ፣ ቅድም ስላላመንኩሽ ይቅርታ። እንዴት ነው? አባዬ አሁንም እየተቆጣሽ ነው?»

«አልጋውን እንፈልገዋለን በያቸው» አልኳት።

«ምን ሆነ? እማዬ? ምን ተፈጠረ?»

ስልኩን ዘጋሁትና ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። ቼስተር ከሱሪ ኪሱ መሐረቡን አወጣ። ጠዋት ተኩሼ ያስያዝኩት መሐረብ ነው። ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና የእጄን ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«አይዞዎት» አለኝ። «አውቶቡሱ እስኪነሳ አብሬዎት እቀመጣለሁ። ሚስቴ ብታየን እንኳ አትቀየምም፤ በጣም ደግ ናት።»