ከጉልበቱ በስተኋላ

«ደህና አልነበረም እንዴ? ድንገት ነው፤ ምን ይደረጋል!» አለ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ ሻዩን እያማሰለ።

እህትየው ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ለለቅሶ የገባ ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነው። ድንገት አልነበረም። ሐኪሙ ሲያስረዳው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ከጉልበቱ በስተኋላ ያለው የደም መልስ ሥር እንደ ፊኛ ተወጥሯል፤ እዚያ የሚቆም ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ከሄደ ሳንባን ይደፍናል።

«አያመኝም ብለህ አትናቀው» ብሎት ነበር ሐኪሙ። «በቀዶ ሕክምና እስኪስተካከል ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን እንዳታቋርጥ። እብጠቱንም ማንም እንዳያሽህ።»

«ይሁን» አለ ወንድሟ። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ በሚሠራበት ፀጉር ቤትም ደንበኞቹ ስሙን ትተው «ይሁን» ይሉት የነበረው በዚህ አመሉ ነው።

«ለማንም እምቢ የማይል ሰው!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሐኪሙ ዞር ሲል ግን እምቢ ማለት ይችልበት ነበር» አለች እህትየው።

ሰውየው ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ «ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ ከእናቷ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እናቷ ጥግ ላይ እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ቀብራለች። የሚያጽናናት ሰው እጇን ሊይዝ ሲል እንኳ አታወጣም።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለች በመጨረሻ። «ማታ ማታ በቅባት ሳሸው … ደሙን የገፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ማን ይለኛል? እጄ ያውቀዋል። እብጠቱ ከጣቴ ሥር ይሸሽ ነበር።»

እህትየው የተናደደችው በሟቹ ነው። በሠርግ ሰሞን አንዱን ሙሽራ ሲላጭ ምላጩ የራሱን ጣት ነካው፤ ደሙ አልቆም ብሎ የሙሽራውን ነጭ ሸሚዝ አበላሸ። ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን ተወ፤ ቀዶ ሕክምናውንም አራዘመ። ስትጮህበት «ጣቴ እየደማ ማን አንገቱን ይሰጠኛል?» ብሎ ሳቀባት።

«ኪኒኑን ትቶት ነበር፣ እማ።»

«ውሸት! ዋጥክ ወይ ስለው ዋጥኩ ይለኝ ነበር።»

«ይልሻላ! አታሺኝ ማለትም አቅቶት ነው እግሩን የሰጠሽ። እንዳይታሽ የተነገረው ለእሱ ነው። አንቺ የት ሰምተሽ?»

«ሙት አይወቀስም።»

«እና አንቺ ተወቅሰሽ ልትሞቺ ነው?»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ባላሸውስ ኖሮ?»

አይሞትም ነበር ብትል እናቷን ይገድላታል፤ ይሞት ነበር ብትል ውሸት ነው።

«አላውቅም» አለች እህትየው፣ ድምጿ ተሰብሮ። «ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፤ እሱም አያውቅም።»

ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን አንስታ እናቷ ጭን ላይ ጣል አደረገችው።

«ቆሜ ስውል እግሬ አለቀ፣ እማ።»

ሹራቡ ውስጥ እጆቹ አልተንቀሳቀሱም። እህትየው እግሯን አላነሳችም። ብዙ ቆይቶ አንዱ እጅ ወጣ፤ ባቷ ላይ እንቁላል የሚነካ ያህል አረፈ።

«ጠንከር አድርጊው እንጂ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።